የዚፕ ትውልድ

በልጅነቴ ሰውን የማውቀው በጫማው ነበር። እናቴ በአንድ ስፌት ቤት ልብስ ተኳሽ ነበረች፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው እዚያው፣ በትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ነው። ከላይ መቀሱ ጨርቅ ሲበላ ይሰማኛል፤ ከታች ቁርጥራጩ ይረግፍልኛል። ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው እንፋሎት ከማሽን ዘይትና ከጠመኔ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሽታ አለው። እስከ ዛሬ በልብስ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ እግሬን ይይዘዋል።

ተረከዙ የተረገጠው የሸራ ጫማ የእናቴ ነው። ፔዳሉን እንደ ከበሮ የምትደልቀው ነጠላ ጫማ የታላቅ እህቴ፣ የእታለም። አንዱ ካልሲ ቡናማ ሌላው ግራጫ ከሆነ ኮሌታ መጥቷል ማለት ነው። ኮሌታ የምንለው ኮሌታ ብቻ እየሰፋ ያረጀውን፣ ሕፃን አዋቂው አንተ የሚለውን ሰው ነው፤ ካልቀለደ ምሳው አይወርድለትም። ማሰሪያው ሁለት ጊዜ የተቋጠረው፣ ፊት የሚያሳየው ጥቁር ጫማ ደግሞ የጋሼ ነው። ቤቱም የእሳቸው፣ ሙያውም የእሳቸው። ጋሼ በእጃቸው የሠሩት የቁልፍ ቀዳዳ ከልብሱ በላይ ዕድሜ አለው ይባል ነበር። ልብሱ አርጅቶ የወለል መወልወያ ሲሆን እንኳ ቀዳዳው እንደ ዓይን ፍጥጥ ብሎ ይቀራል።

ዚፕ በሳጥን ተጭኖ ወደ ስፌት ቤቱ የገባው በዚያ ሰሞን ነው። ጋሼ ሳጥኑን ከፈቱና አንዱን አንስተው ወደ ላይ ሳቡት፣ ወደ ታች ሳቡት። ከዚያ እንደ ሞተ እባብ በጭራው አንጠልጥለው ወደ እህቴ ወረወሩት።

"እንቺ፣ የእናንተ ነው! የዚፕ ትውልድ!"

ከዚያን ቀን ወዲህ ያላገባና ያልሸበተ ሁሉ ስም ወጣለት። ሱሪ የሚሰፋው ቀጭኑ ልጅ፣ ሽቦ የምንለው፣ ቆሞ ዳቦ ሲገምጥ ከታየ፣ "ይኸውላችሁ፣ መቀመጥ እንኳ ይረዝምበታል፤ የዚፕ ትውልድ!" እህቴ አንዱን ወሬ ሳትጨርስ ሌላውን ስትጀምር፣ "ዚፕ!" ጎረቤት አንዲት ልጅ ታጭታ ብዙም ሳትቆይ ተወችው ተብሎ ሲወራማ ጋሼ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

"ምን ይደረግ፣ ዚፕ ናቸው። አንዴ ስበው ይገጥማሉ፣ አንዴ ስበው ይለያያሉ። ቁልፍ ቢሆኑ እኮ አንዱ ሲበጠስ የቀሩት ይይዙ ነበር።"

"አሁንስ አበዛኸው ወዳጄ" አለ ኮሌታ። "አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንተን 'የመኪና ትውልድ' እያሉ ሲሰድቡህ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። መርፌ መያዝ ትቶ ፔዳል ይረግጣል፣ ይሄ ልጅ ሰው አይሆንም እያሉ።"

"አንተ ዝም ብለህ ኮሌታህን ስፋ!"

"እየሰፋሁ ነው። አፌን አልሰፋሁት።"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ጠረጴዛ ሥር ሆኜ በእጄ ወደ ጀርባዬ ስዳስስ ነበር። የትምህርት ቤት ቀሚሴ ከኋላው ዚፕ አለው! ማታ ቤት ስንገባ እናቴን ያዝኳት።

"እማ፣ ይሄን አውጪውና ቁልፍ አድርጊልኝ።"

"ምነው፣ ቆነጠጠሽ?"

"ጋሼ ያባርሩኛል። የዚፕ ትውልድ ነኝ።"

እናቴ ትን እስኪላት ሳቀች፤ እህቴ አልጋ ላይ ተንከባለለች። ማንም አላስረዳኝም። እኔም ከዚያ በኋላ ወደ ስፌት ቤት ስገባ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ነበር የምሄደው። ጋሼ፣ "ይቺ ልጅ ወገቧን አሟታል እንዴ?" ብለው እናቴን ሲጠይቁ ትዝ ይለኛል።

ነገሩ ግን ለእኔ ቀልድ አልነበረም። በመስኮቱ በኩል ያለው የስፌት መኪና ይሰፋበት የነበረው ሰው ከሄደ ጀምሮ ባዶውን ቆሟል። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ሙሉ ሰፊ ነው፤ የራሱ ደንበኛ አለው፤ ብርሃኑም የእሱ ነው። ጋሼ ያን ወንበር የሚሰጡት በአንድ ሰደርያ ነበር። "ኮት ተንኮለኛ ነው፤ ጥፋቱን በእጅጌና በኮሌታ ይደብቃል። ሰደርያ ግን የት ይገባል?" ይላሉ። ተፈታኙ ለእውነተኛ ደንበኛ አንድ ሰደርያ ከቆረጣው እስከ መጨረሻው ብቻውን ይሠራል። ከዚያ ጋሼ ገልብጠው ውስጡን ያያሉ። ፊቱን አያዩም፤ ፊት ለደንበኛ ነው።

ተራው የእህቴ ነበር። ካላለፈች አክስታችን ዘንድ ሩቅ ከተማ ሄዳ ሱቅ ልትጠብቅ ተወስኗል፤ እናቴና አክስቴ ተነጋግረው ጨርሰዋል። እኛ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ እኔ የምተኛው ከእታለም ጋር፣ ቀዝቃዛ እግሬን በእሷ እግሮች መሃል ከትቼ ነው። ስለ ሙያ፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ብርሃን አይገባኝም። እሷ ከሄደች እግሬን የት እንደማደርገው ብቻ ነበር የማስበው።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ጋሼ ከእኔ ጋር መጫወት ጀምረዋል፤ እኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ከጠረጴዛው ላይ ቁልፍ ይወድቃል፣ ጠብ። አንስቼ እጄን ወደ ላይ እዘረጋለሁ። ይቀበሉኛል። ትንሽ ቆይቶ ሌላ፣ ጠብ። "እንቺ ደግሞ ይቺን ፈልጊ" የሚሉኝ እየመሰለኝ ከሳቅ ጋር እታገላለሁ። ጫማቸውም ተለውጧል። ማሰሪያ ያለው ቀርቶ፣ እግር ብቻ የሚሰኩበት አዲስ ጫማ ያደርጋሉ። ሀብታም ሆኑ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ እናቴ ቀና ሳትል ካውያዋን ገፋች።

ዛሬ የእኔም ጣቶች ጠዋት ጠዋት ደርቀው ቁልፍ ለመያዝ እሺ አይሉኝም። ጋሼ አንድም ቀን ከእኔ ጋር እንዳልተጫወቱ የገባኝ በራሴ እጅ ነው። ኮሌታ ያውቅ ነበር፤ እናቴም ታውቅ ነበር። ማንም አልተናገረም። ከስፌት ቤቱ ሰው ሁሉ፣ የወደቀው ቁልፍ የማያስጨንቀው እኔን ብቻ ስለነበረ፣ ጠረጴዛ ሥር መዋሌን ዝም ብለው የተዉልኝም ለዚያ ይመስለኛል።

ለእታለም የደረሳት ደንበኛ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን በሰደርያ ነው መሪ የያዙት። ሲገቡ ያየሁት እጃቸውን ነው፤ ጉልበታቸው አጠገብ ተንጠልጥሎ። ጣቶቹ መሪ እንደጨበጡ ደርቀው ቀርተዋል። እኔ፣ አሁንም እየነዱ ነው ብዬ መንገድ ለቀቅሁላቸው።

"ስድስት ቁልፍ፣ እንደ ድሮው" አሉ ለእህቴ። "አንድም እንዳይጎድል። ሰው ሲያየኝ ያው እኔ ልሁን።"

"እሺ አባባ። እጅዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ።"

እህቴ ሜትሯን ደረታቸው ላይ ስታዞር ድንገት ቆመች። የለበሱት አሮጌ ሰደርያ ተዛንፎ ተቆልፏል፤ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ወጥቷል።

"እንዲህ ነው እንግዲህ፤ የጎረቤት ልጅ እየተጣደፈ ሲቆልፍልኝ" አሉ ሰውየው። "ድሮስ በቤቴ ሌላ እጅ ነበረ።"

እህቴ ሜትሩን አጠፈች፣ ፈታች፣ መልሳ አጠፈች። ሁልጊዜ እንደ ወፍ የምትንጫጫዋ ልጅ ያን ቀን እስከ ማታ አልተናገረችም።

የሠራችውን ነገር ከስፌት ቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ከሥር ስለሆንኩ። ከላይ ለሚያያት የቁልፍ ቀዳዳ ትጠልፋለች፤ እውነትም ስድስቱንም በእጇ አሳምራ ጠልፋቸዋለች። ጭኗ ላይ ግን፣ ከቀሚሷ እጥፋት ውስጥ፣ ዚፕ ተጋድሟል! ዓይን ለዓይን ተያየን። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በጋሼ ቤት፣ በፈተና ሰደርያ ላይ፣ ዚፕ! በቃ፣ እታለም ሄደች አልኩ።

ሰደርያውን ጨርሳ የሰቀለችው ቅዳሜ ነው። ምሳ ሰዓት ሁሉም ወጣ፤ እናቴ የተተኮሰ ልብስ ልታደርስ ሄደች። እኔ ጠረጴዛ ሥር ዳቦዬን እበላለሁ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ቀስ ብሎ መጣ። መስቀያው ሲንኳኳ፣ ጨርቁ ሲገለበጥ ሰማሁ። ዳቦው አፌ ውስጥ ቆመ።

ዚፕ።

ቆይቶ ደግሞ፣ ዚፕ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። በሳቡት ቁጥር ንዴታቸው የሚጨምር መሰለኝ። ቀጥሎ የምላጭ ድምፅ ሰማሁ፤ ክር ሲበጠስ፣ ትን፣ ትን፣ ትን። ተንጠራርቼ አየሁ፤ ጋሼ የእህቴን ሰደርያ እየተረተሩት ነው! ዚፑ ተላቆ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ።

በዚህ መሃል የእህቴ ነጠላ ጫማ በሩ ላይ ደረሰና ቆመ።

"ጋሼ..."

"መልሰሽ ስፊው።"

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰውየው እኮ እጃቸው..."

"አልጠየቅኩሽም። መልሰሽ ስፊው፤ እያየሁሽ።"

እህቴ ተቀመጠች። እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች። አንድ እንባ ወለሉ ላይ፣ ከፊት ለፊቴ ወደቀ። የጋሼ ወንበር እየተንሿቀቀ መጣ፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነጠላ ጫማዋን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ። በልጅ ልቤ የዚያን ያህል ክፉ ሰው አላየሁም። አፍርሶባት፣ እንደገና አሠርቷት፣ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ ያያታል!

"ዝግ በይ" ይላሉ ከላይ። "ይቺን እጥፋት እንዴት ነው ያስተኛሻት? እ? እንደገና አሳዪኝ።"

እናቴ ስትመለስ የእህቴን ፊት አየች። "ጋሼ፣ ልጄ አጥፍታ ከሆነ እኔን..."

"አንቺ አርፈሽ ተኩሺ!"

ይህን ሁሉ እህቴ ያስረዳችኝ ሁለታችንም ልጆች ወልደን ካሳደግን በኋላ ነው። ጋሼ ያፈረሱት ስፌቱ የት እንደተደበቀ በዓይን ሊያገኙት አቅቷቸው ነበር። መልሰሽ ስፊው ያሏት ሊቀጧት ሳይሆን ሊማሩ ነው። እንዴት እንደሚጠየቅ ግን አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠየቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ የልጅ ልጆቼን ሰዉ "የስልክ ትውልድ" ይላቸዋል፤ እኔም አንዳንዴ ያመልጠኛል። ከዚያ ትንሿ ልጅ የስልኩን ፊደል በጣቷ ሰፋ አድርጋ ስታሳየኝ የዚያ ወንበር መንሿቀቅ ትዝ ይለኛል፤ እኔም ወንበሬን አስጠጋለሁ። ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው።

ሹፌሩ ሰደርያቸውን ሊወስዱ የመጡ ዕለት ስፌት ቤቱ ሥራ ፈታ። ሽቦ ሱሪውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቀረ። ኮሌታ እንኳ አልቀለደም። እህቴ ሰደርያውን እንደ ሹራብ በራሳቸው አጠለቀችላቸው፤ ዚፑ ከሥሩ እንዳይላቀቅ ከታች በኩል አንድ ጋት ያህል ሰፍታ ዘግታዋለች። ስድስቱ ቁልፎች በስድስቱ ቀዳዳዎች ላይ ተደርድረዋል፤ የተቆለፉ ይመስላሉ እንጂ ከላይ የተሰፉ ናቸው።

"ይቆልፉት አባባ" አሉ ጋሼ።

የሰውየው እጅ ወደ ደረታቸው ወጣና አየር ላይ ቀረ። አንገታቸው ቀላ።

"ግዴለም፣ ቤት ሄጄ..."

"ከዚህ ጋ ነው" አለች እህቴ በቀስታ። ከእጥፋቱ ሥር አንዲት የቆዳ ቀለበት አወጣች፤ ዚፑ ራስ ላይ ያሰረቻት ናት፣ ለአንድ ጣት የምትበቃ። "ጣትዎን ያስገቡና ወደ ላይ ይሳቡት።"

ሹፌሩ የታጠፈች ጣታቸውን አስገቡ። ለካ ጣቷ የታጠፈች መሆኗ ለዚህ ምቹ ነው። ሳቡት። ዚፕ! ሰደርያው ከወገብ እስከ ደረት ቀጥ ብሎ ተዘጋ፤ ከላይ ለሚያይ ስድስት ቁልፍ፣ እንደ ድሮው።

ሰውየው ከፈቱት። ዘጉት። ደግሞ ከፈቱት። ወደ መስታወቱ ዞሩና እንደገና ዘጉት።

"ሚስቴን ከቀበርኳት ወዲህ" አሉ፤ ጣታቸው አሁንም ቀለበቷ ውስጥ ነው። "ከቀበርኳት ወዲህ ራሴ..." ጀርባቸውን ሰጡን። እናቴ ካውያውን አስቀመጠች።

ጋሼ እህቴን አዩ፤ ከዚያ ሰደርያውን። ድምፃቸው ተሰብሯል።

"የዚፕ ትውልድ ሥራ ነው" አሉ።

ለእኔ ፍርዱ ወረደ! ያችው ስድብ ናት፤ በሰው ፊት፣ በደንበኛ ፊት። ከጠረጴዛው ሥር በአራት እግሬ ወጥቼ መሃል ቆምኩ።

"አይደለችም! እታለም ቁልፍ ናት! ዚፕ እኔ ነኝ፣ ይኸው እዩ!" አልኩና ጀርባዬን አዞርኩላቸው። "እኔን ላኩኝ አክስቴ ጋ!"

ኮሌታ መጀመሪያ ፈነዳ። ቀጥሎ ሽቦ፣ ቀጥሎ እናቴ፣ ሹፌሩ ሳይቀሩ ፊታቸውን እየጠረጉ። ጋሼ ብቻ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ጀርባዬን መረመሩ።

"ማን ነው ይሄን የሰፋው?"

"እታለም።"

"ቀጥ ያለ ነው" አሉ። "የትም አትሄጂም። እሷም አትሄድም። አሁን ውጪና ለሁላችንም ሻይ አስመጪ።"

ሻይ ተጠጣ፣ ሹፌሩ አመስግነው ሄዱ። ማታ ሲዘጋ ግን የልጅ ልቤ እንደገና ተቀየመ። ጋሼ መጋረጃው ኋላ ገብተው የራሳቸውን ሰደርያ አውልቀው መጡና እህቴ ፊት አስቀመጡት፤ ክንዱ ሥር ያለቀ፣ ያረጀ ነው።

"ይሄንንም።"

እህቴ ሰደርያውን አየች፤ እጃቸውን አየች። እንደማታውቅ ሆና ጠየቀች፤ "ስንት ቁልፍ ይኑረው ጋሼ?"

"ያለውን ያህል።" ወደ ኮሌታ በጎን አዩ። ኮሌታ ድንገት ክር መፈለግ ጀምሯል፤ ክሩ እጁ ላይ ነው። "ሌላው ሰው ማወቁ አያስፈልገውም።"

"ማንም አያውቅም ጋሼ።"

እኔ መንገዱን ሙሉ ተነጫነጭኩ። ያን የመሰለ ሥራ ሠርታ ሽልማቷ የእሳቸውን አሮጌ መጠገን ነው ወይ? እናቴ እጄን ጨብጣ፣ "ዝም በይ፣ ትልቅ ነገር ነው የሰጧት" አለች። ትልቅ ነገር! ክንዱ ሥር የነተበ ሰደርያ!

እህቴ ያን ሰደርያ ሠርታ ሰጠቻቸው፤ እስኪሞቱም ለበሱት። ከኮሌታና ከእናቴ በቀር ማንም ምስጢሩን አላወቀም፤ ውስጡ ዚፕ እንዳለ እኔም ያወቅሁት እሷ ስትነግረኝ ነው። "የዚፕ ትውልድ" ማለትን ግን አልተዉም ነበር። ሽቦ ቆሞ ሲበላ ይሉታል፤ አላፊ አግዳሚውን ወጣት ሁሉ ይሉታል። እህቴን ብቻ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ብለው አልጠሯትም። ደግሞ ስለ አንዲት ጠዋት ሳስብ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ያኔ ግን ግራ ነበር የገባኝ።

እታለም ገና በሩ ላይ ሻርፗን እያወለቀች ነው። ጋሼ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር በመሐረባቸው እየጠረጉ አንድ ስም ጠሩ፤ ሙሉ ስም፣ ከነአባቱ።

"ነይ፣ ቦታሽን ያዢ" አሉ።

እህቴ አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ "አንቺን እኮ ነው!"

እኔ ስሟን ከእታለም ሌላ አላውቅም ነበር፤ የአባታችንንም ስም ልብ አላልኩትም። አዲስ ሠራተኛ መጥታ ወንበሩን ልትወስድባት መሰለኝና ሮጬ ሄጄ በሩን ዘጋሁት።